ፎርሙ ላይ ሳልሞላው የቆየሁት ቦታ

ሦስት ቅዳሜ ሙሉ አንድ አሮጌ የገጠር መቃብር ውስጥ ድንጋይ ስንለቅም ነው የዋልነው።

ጥሩ ሥራ የሠራን መስሎን ነበር። አረሙ ታጭዷል፣ እሾሁ ተመንጥሯል፣ እየተደናቀፍንባቸው ያስቸገሩን ትንንሽ ድንጋዮች ተለቅመው በሩ አጠገብ ተከምረዋል። ክምሩ ወገብ ድረስ ደርሷል። አጠገቡ ቆመን ፎቶ ተነሳን። ከሥራው በፊት ያነሳነውንና አሁን ያነሳነውን ጎን ለጎን አድርገን፣ «በፊት» እና «በኋላ» ብለን ጽፈንበት ለጓደኞቻችን ላክን።

በሦስተኛው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንዲት አዛውንት ምርኩዛቸውን ተደግፈው መጡ። ሰላምታ ከሰጡን በኋላ ክምሩን ዝም ብለው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በቀስታ ጎንበስ ብለው ከላይ ያለውን አንዱን አነሱ። በሁለት እጅ የሚያዝ ድንጋይ ነው። ጽሑፍ የለውም፣ ጌጥ የለውም። አንደኛው ጎኑ ብቻ ጠፍጠፍ ያለ ነው። የታችኛው ጫፉ ላይ አሁንም እርጥብ አፈር አለ።

«ልጄ፣ ይሄን ማን ነቀለው?»

«እኛ ነን እማማ። ግቢውን ልናጸዳ ብለን ነው።»

«ይሄ እኮ ግርጌ ነው» አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። እሳቸውም አልተቆጡም፣ ቀስ ብለው አስረዱኝ። ድንጋይ ጠራቢ ለመክፈል አቅም የሌለው ሰው፣ ከማሳ ያገኘውን ድንጋይ አንዱን በራስጌ፣ አንዱን በግርጌ ይተክል ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የተቀበረውን ሰው ቁመት ይናገራል። ርቀቱ አጭር ከሆነ ሕፃን ነው። አፈር የያዘው ጫፍ ደግሞ መሬት ውስጥ የተተከለው ጫፍ ነው።

ክምሩን ዞሬ አየሁት። ብዙዎቹ ጫፋቸው ላይ አፈር አለ።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለመንከባከብ የሄድን ሰዎች፣ ማንም ያልጎዳቸውን የድሆች መቃብሮች በገዛ እጃችን ምልክት አሳጣናቸው። ይህን የምጽፈው ሌሎችም በቅን ልቦና እንዲህ እንደሚያደርጉ ስለማውቅ ነው። ደግሞም ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ስለ ገንዘብ፣ ስለ ፕሮፖዛልና ስለ ጥገና የተማርኩት ነገር ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ክምር ነው።

መቃብሩ ያለው ገጠር ነው። ዙሪያው እርሻ ነው። ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ ድሮ ጋሪ ይሄድበት ነበር፤ አሁን ቀጭን የእግር መንገድ ሆኗል። የድንጋይ ካቡ በሦስት ቦታ ተንዷል። ጽሑፍ ካላቸው ድንጋዮች አንዳንዶቹ በግንባራቸው ተደፍተዋል፣ አንዳንዶቹ ለሁለት ተሰንጥቀዋል። አንዱን ደግሞ ዛፍ እያደገ ግንዱ ውስጥ ውጦታል፤ ከድንጋዩ የሚታየው ትከሻው ብቻ ነው። እዚያ ሰው መቀበር ካቆመ ብዙ ጊዜ ሆኗል።

የገጠር መቃብር ሰው አልባ የሚሆንበት መንገድ የትም ያው ነው። ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ይሄዳል። የቀረው አርጅቶ እዚያው ይቀበራል። ከዚያ በኋላ ሣሩን የሚያጭድ፣ ካቡን የሚክብ፣ ይሄ የእገሌ ነው ብሎ የሚያሳይ አይኖርም። መሬቱ በባለቤትነት በማን ስም እንዳለም ይረሳል።

ከተማ ውስጥ ቢሆን ነገሩ ሌላ ነው። ቦታው ውድ ስለሆነ ቢያንስ ይጨቃጨቁበታል። በጀርመን መቃብር በአብዛኛው የሚሰጠው ለተወሰኑ ዓመታት ብቻ ነው፤ ቤተሰቡ ካላሳደሰው ቦታው ለሌላ ይተላለፋል። በፈረንሳይ ደግሞ ለዘለዓለም የተሰጠ የሚባለው መቃብር እንኳን ተጥሎ ከተገኘ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ሕጋዊ ሂደቱን ጠብቆ መልሶ ሊወስደው ይችላል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ፣ ቀብር የተዘጋበትን የቤተ ክርስቲያን ግቢ የመንከባከብ ኃላፊነት ወደ አካባቢው ምክር ቤት ለማዛወር መንገድ ከፍቷል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሕጎቹ መልስ ይለያያል። ጥያቄው ግን አንድ ነው። ቤተሰብ ሲያልቅ ሙታኑ የማን ናቸው?

የእኔ መልስ የሁላችንም ናቸው የሚል ነው። የሕዝብ ገንዘብ እንጠይቅ ያልኩትም ለዚህ ነው። ከኪሳችን አዋጥተን ብንጀምርም እጅ አጠረን። የተናደ ካብ መልሶ መካብ፣ የተሰበረ ድንጋይ በባለሙያ ማስጠገን፣ ውኃ የሚያስወጣ ቦይ መቆፈር በቅዳሜ በጎ ፈቃደኛ ጉልበት ብቻ የሚያልቅ ነገር አይደለም።

«በቁሙ ለሚቸገር ሰው ገንዘብ ጠፍቶ ለሙት ትጠይቃላችሁ?» ያለን ሰው አለ። አንድ ብቻም አይደለም። ይህን ጥያቄ አልንቀውም። የመንግሥት ካዝና ውስጥ ያለው ገንዘብ የሚታወቅ ነው፤ ለዚህ ሲሰጥ ከዚያ ይጎድላል። ግን ልብ በሉ፣ ለሙታን የሕዝብ ገንዘብ ማውጣት አዲስ ነገር አይደለም። ስንት ሐውልት፣ ስንት የጦር መቃብር በሕዝብ ገንዘብ ይጠበቃል። ለየትኞቹ ሙታን ይወጣል የሚለውን ነው እኔ የምጠይቀው።

ቨርጂኒያን እንውሰድ። ይህ የአሜሪካ ግዛት በእርስ በርስ ጦርነቱ ለኮንፌዴሬት፣ ማለትም ባርነትን ለማስቀጠል ከአሜሪካ ለተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች ሲዋጉ ለሞቱ ወታደሮች መቃብር እንክብካቤ ለብዙ አስርት ዓመታት የሕዝብ ገንዘብ ሲመድብ ኖሯል። በዚያው ግዛት ዋና ከተማ በሪችመንድ፣ ኢስት ኤንድና ኤቨርግሪን የሚባሉት የጥቁር አሜሪካውያን መቃብሮች ግን ጫካ ውጧቸው ነበር። ኤቨርግሪን ውስጥ በአሜሪካ ባንክ በመመሥረትና በመምራት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት የሆነችው ማጊ ዎከር ተቀብራለች። እነዚህም መቃብሮች ከግዛቱ የእንክብካቤ ገንዘብ እንዲያገኙ ሕጉ የተስተካከለው በ2017 ነው። ስሌቱ በጣም ቀላል ነው፤ ለእያንዳንዱ መቃብር 5 ዶላር፣ ወይም የመደበኛ እንክብካቤው አማካይ ወጪ ከዚያ ከበለጠ እሱው። ይህን ሳነብ የገረመኝ የገንዘቡ ትንሽነት አይደለም። አንድ መቃብር እንደ አንድ መቆጠሩ ነው። የማን ነው፣ ምን ያህል ታዋቂ ነበር የሚል ጥያቄ የለም።

ዛሬ የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን የሚባለው ተቋም በ1917 ሲመሠረትም ሐሳቡ ይኸው ነበር። ጄኔራሉም ተራው ወታደርም አንድ ዓይነት ድንጋይ ይሠራላቸዋል። ዛሬ 1.7 ሚሊዮን ገደማ ሰዎችን ያስታውሳል። ስድስት መንግሥታት እንደየሙታናቸው ቁጥር ወጪውን ይጋራሉ። ግን በ2021 ኮሚሽኑ ራሱ ባስጠናው ሪፖርት እንዳመነው፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ሙታን ቢያንስ 116,000 የሚሆኑት በስማቸው አልታወሱም፣ ወይም ጭራሹኑ አልታወሱም። አብዛኞቹ የምሥራቅ አፍሪካና የግብፅ ሰዎች ናቸው። ያን ያህል መዝገብ፣ ያን ያህል በጀት፣ ያን የመሰለ መርህ እያለ።

እኔ ይህን ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። የመጀመሪያውን ፕሮፖዛል ስንጽፍ ግን ራሳችን ያንኑ ስህተት ሠርተን ነበር።

እንዲህ ነው የሆነው። ከቅርስ ጥበቃ በጀት ድጋፍ የሚሰጥ አንድ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ አወጣ። ፎርሙን አምጥተን ተሰበሰብን። «የቦታው ታሪካዊ ጠቀሜታ» የሚል ትልቅ ባዶ ቦታ አለው። ሁላችንም የታየን አንድ ነገር ነው፤ መሃል ላይ ያለው ረጅሙ ሐውልት። ባለ ሐውልቱ በዘመኑ ሀብታምና ሹም የነበረ ሰው ነው። ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ እሱ ጻፍን። ስለ ሌሎቹ «እንዲሁም በርካታ የአካባቢው ነዋሪዎች ተቀብረውበታል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርን።

ወደዚያ የሚገፋ ነገር መኖሩን አልክድም። ለምሳሌ በአሜሪካ በ1966 ሕግ የተቋቋመው ብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ መቃብርን በመደበኛው አይቀበልም። ለመመዝገብ የተለየ ምክንያት ማሳየት ያስፈልጋል፤ እጅግ ታላላቅ ሰዎች ያረፉበት መሆኑን፣ ዕድሜውን፣ የአሠራሩን ልዩነት፣ ወይም ከታሪካዊ ክስተት ጋር ያለውን ትስስር። እንዲህ ያለ መስፈርት ያየ አመልካች ወዲያው ትልቅ ሰው ፍለጋ ይሮጣል። እኛም ሮጥን።

የጠየቅነው ገንዘብም ትልቅ ነበር። አዲስ የብረት በር፣ ሙሉ አጥር፣ የተንጋደዱት ድንጋዮች በሙሉ ቀጥ እንዲሉ፣ በሙሉ ታጥበው ነጭ እንዲሆኑ፣ መግቢያው ላይ ትልቅ ሰሌዳ። ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስበን፣ ማህተም አስመትተን አስገባን።

ከአራት ወር በኋላ ውድቅ ሆነ። ደብዳቤው አጭር ነው። የመሬቱ ባለቤትነት ማስረጃ አልቀረበም፤ በቦታው ያሉት መቃብሮች ዝርዝር የለም፤ ከጥገናው በኋላ ማን እንደሚንከባከበው አልተገለጸም። ከጓደኞቻችን አንዱ ተናዶ «ቢሮክራሲ ነው» አለ። እኔም ለጥቂት ቀን እንደዚያ አሰብኩ። ከዚያ ደብዳቤውን እንደገና አነበብኩት። ሦስቱም ጥያቄ ትክክል ነው። የማን እንደሆነ አናውቅም። ስንት ሰው እንዳለበት አናውቅም። ከዚያ በኋላ ምን እንደምናደርግ አላሰብንም። የምናውቀው «በኋላ» የሚለውን ፎቶ ብቻ ነበር።

ስለዚህ መቁጠር ጀመርን።

መቁጠር ስል ቀላል ይመስላል። ቦታውን በገመድ በእኩል ካሬዎች ከፈልነው። ለእያንዳንዱ ድንጋይ ቁጥር ሰጠን፣ ፎቶ አነሳን፣ ቁመቱንና ስፋቱን ለካን፣ ወደ የት እንዳዘመመ ጻፍን። መሬቱ ሰርጎድ ያለበትን ሁሉ ምልክት አደረግን፤ ሣጥኑ በስብሶ ከላይ ያለው አፈር ሲሰምጥ የሚፈጠር ጉድጓድ ሊሆን ይችላልና። ጽሑፍ የሌላቸውን ድንጋዮች በተለይ። በዚህ ጊዜ ማንም ምንም አላነሳም። አረሙን እንኳን በእጅ እየገለጥን ካየን በኋላ ነው ያጨድነው።

የደበዘዘ ጽሑፍ ማንበብ ራሱን የቻለ ነገር ነው። አንዳንድ ሰው ጠመኔ ወይም ዱቄት ይቀባበታል። ይህ ድንጋዩን ይጎዳል፤ ፈጽሞ አይደረግም። የሚያስፈልገው ብርሃን ብቻ ነው። ትልቅ መስታወት ይዘን የፀሐዩን ብርሃን ከጎን በኩል ድንጋዩ ፊት ላይ አሳለፍነው። ከፊት ለፊት ሲታይ ባዶ የነበረው ድንጋይ ጥላ ያዘ። አንድ ፊደል ወጣ። ከዚያ ሌላ። አንዱ ድንጋይ ላይ ስሙ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ዕድሜው ብቻ ቀርቷል። «የ3 ዓመት ከ2 ወር»። መስታወቱን የያዘችው ልጅ እጇ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሌላ ሰው ተቀበላት። ማንም ምንም አላለም።

ደግሞ ስንቆጥር አዛውንቷ በየጊዜው ይመጡ ነበር። በርጩማ ይዘንላቸው እንመጣለን። እሳቸው የሚያውቁት ከየትኛውም መዝገብ ላይ የለም። የትኛው ጥግ ላይ የአንድ ዓመት ወረርሽኝ ሙታን እንዳሉ፣ የትኞቹ ሁለት መቃብሮች የእህትማማቾች እንደሆኑ ከእናታቸው ሰምተዋል። የሰሙትን «የቃል መረጃ» ብለን ለብቻ መዘገብነው። ከድንጋዩ ላይ ካነበብነው ጋር አልቀላቀልነውም። ይህ ልዩነት በኋላ በጣም ጠቀመን።

የነቀልናቸውን ድንጋዮችስ?

ያ «በፊት» ያልነው ፎቶ አዳነን። ለማሳየት ብለን ያነሳናቸውን ፎቶዎች በሙሉ ከየስልኩ ሰበሰብን፣ አሰፋን፣ ድንጋይ በድንጋይ አየን። የቦታውን ፎቶና ክምሩ ውስጥ ያለውን ድንጋይ እያስተያየን የተወሰኑትን ለየናቸው። አንዳንዶቹ የነበሩበት ትንሽ ጉድጓድ ገና አልተደፈነም ነበር፤ ድንጋዩ ሲገባ ልክክ አለ። ያን ጊዜ የተሰማኝን እዚህ መጻፍ አልችልም። አብዛኞቹ ግን ከየት እንደመጡ ማወቅ አልተቻለም።

ከመካከላችን «በግምት እንትከላቸው፣ ከመጣል ይሻላል» ያለ ነበር። ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ ነው። ግን በ1964 የወጣውና ብዙ የቅርስ ጠጋኞች የሚመሩበት የቬኒስ ቻርተር በዚህ ላይ የማያሻማ አንቀጽ አለው። እድሳት ግምት ከጀመረበት ቦታ ላይ መቆም አለበት። በግምት የተተከለ ድንጋይ ለሚቀጥለው ትውልድ እውነተኛ መቃብር ይመስላል። ሰው የሌለበት ቦታ ሰው አለ ይላል፤ ሰው ያለበትን ደግሞ ባዶ ያስመስላል። ስለዚህ ቦታቸው ያልታወቁትን ከካቡ ሥር በአንድ ረድፍ አስቀመጥናቸው። በመዝገቡም ላይ ማን እንዳነሳቸው፣ መቼና ለምን እንደሆነ በግልጽ ጻፍን። ስማችንን ጭምር።

ስለ ድንጋይ አጠጋገን የተማርነውን ትንሽ ላንሳ፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ፕሮፖዛላችን ቢፀድቅ ኖሮ ብዙ ጥፋት በሕዝብ ገንዘብ እንሠራ ነበር።

ነጭ እንዲሆኑ እንጠባቸው ብለን ነበር። በበረኪና ማለት ነው። በረኪና ድንጋዩ ውስጥ ጨው ይተዋል። ጨዉ ሲደርቅ ክሪስታል ሆኖ ያብጣል፣ ፊቱንም ከውስጥ እየገፋ ያረግፈዋል። ሽቦ ብሩሽም እንዲሁ ነው፤ እብነ በረድ ላይ ከሆነ ፊደሉን ራሱን ይዞት ይሄዳል። እብነ በረድ በባሕርዩ አሲድ ያለበት ዝናብ የሚያሟሟው ድንጋይ ነው። አሮጌ እብነ በረድ ላይ ጣት ቢያሳልፉ እንደ ስኳር የሚፍረከረከው ለዚህ ነው። ለእጥበት የሚፈቀደው ንጹሕ ውኃ፣ ለስላሳ ብሩሽና ትዕግሥት ነው። የድንጋይ ሽበቱን ደግሞ ብዙ ጊዜ መተው ይሻላል። በግድ ሲፋቅ ከድንጋዩ ፊት ጋር ነው የሚነሳው።

አንድ የተሰበረ ድንጋይ አለ፤ ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ደግ ሰው በሲሚንቶ አያይዞታል። ሲሚንቶው ዛሬም እንደ ብረት ጠንካራ ነው። ድንጋዩ ግን ከሲሚንቶው በላይና በታች እንደገና ተሰብሯል። ያመጣነው ግንበኛ ተንበርክኮ በጣቱ እየዳሰሰ አሳየን። ሲሚንቶ ከድንጋዩ ይጠነክራል፣ እርጥበትም አያስወጣም። ውኃው መውጫ ሲያጣ በድንጋዩ በኩል ይወጣል፤ የሚሰበረውም ደካማው ነው። ኖራ ግን ከድንጋዩ ለስላሳ ነው። መሰንጠቅ ካለ እሱ ይሰነጠቃል፣ ድንጋዩ ይተርፋል። «ኖራው ለድንጋዩ ብሎ ነው የሚሞተው» አለን ግንበኛው። ከሥራ ጓደኞቹ ጋር እንደሚያወራ ሁሉ እንደ ዋዛ ነበር ያለው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ኖራ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የተንጋደደ ድንጋይ ሁሉ መቃናት እንደሌለበትም ተማርን። ሊወድቅ ካልደረሰ፣ ሰው ላይ አደጋ ከሌለው ይተዋል። ያን ድንጋይ የዋጠውንም ዛፍ አልነካነውም። ሥሩ ከመቃብሮቹ ጋር ተጠላልፏል፤ ቢነቀል ከታች ያለው ሁሉ አብሮ ይወጣል።

እንግዲህ ሁለተኛው ፕሮፖዛል ከዚህ ሁሉ ወጣ። ከመጀመሪያው ሩቡን ያህል ገንዘብ ነው የጠየቅነው። በር የለም፣ ትልቅ ሰሌዳ የለም። የተናደው ካብ በቀድሞው ድንጋይ መልሶ እንዲካብ፣ ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ የሚያስቀይስ ቦይ፣ ለመውደቅ የደረሱትን ድንጋዮች በኖራ መጠገን፣ ጽሑፍ የሌለበትን ጥግ ሳይቆፈር ከመሬት በላይ በራዳር ማስጠናት፣ ለአካባቢው ወጣቶች ስለ አያያዙ ሥልጠና። መሬቱ በማን ስም እንዳለ ፍለጋ ብቻ ሰባት ወር ፈጅቶብናል፤ ከቢሮ ቢሮ ስንንከራተት። በመጨረሻ አሮጌ ፋይል ውስጥ ተገኘ።

ስለ ጠቀሜታው ባዶ ቦታ ላይ በዚህ ጊዜ ከክምሩ ነው የጀመርነው። ስለ ራስጌና ግርጌ፣ ስለ ርቀቱ፣ ስለ ሕፃናቱ ጻፍን። የባለ ሐውልቱን ነገር በአንድ አንቀጽ አለፍነው። በ1991 ኒው ዮርክ ውስጥ ለመንግሥት ሕንፃ መሠረት ሲቆፈር የተገኘውን የአፍሪካውያን መቃብር ጠቀስን። ነፃም ባሪያም ሆነው የኖሩ ወደ 15,000 የሚገመቱ ሰዎች የተቀበሩበት ቦታ ነው፤ የአብዛኞቹ ስም አይታወቅም። ዜጎች ስለጮኹ ግንባታው ተለወጠ፣ ወጥተው የነበሩት 419 አጽሞች በ2003 በክብር መልሰው ተቀበሩ፣ ቦታው በ2006 ብሔራዊ ሐውልት ተባለ። ስም አለመኖሩ ዋጋ ቢስ እንደማያደርግ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

ድጋፍ ሰጪው ከሚሰጠው ገንዘብ ጋር የሚመጣጠን የራሳችንን ድርሻ ማሳየት ነበረብን። ገንዘብ የለንም። የበጎ ፈቃደኛ ሰዓት እንደ ድርሻ ይቆጠራል ተባልን። ደግነቱ ከቆጠራው መጀመሪያ አንስቶ ማን ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚፈርምበት ደብተር ነበረን። ለሚያመለክት ሰው ሁሉ ከምመክረው ነገር አንዱ ይህ ነው፤ ደብተሩን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሩ።

የጠየቅነው ሁሉ አልተፈቀደም። አንድ ነገር ተሰረዘ፤ ለአምስት ዓመት ሣር የማጨድ ወጪ። «መደበኛ ወጪ ስለሆነ አይሸፈንም» ይላል።

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። ካቡን የሚንደው፣ ድንጋዩን የሚሰነጥቀው፣ ጽሑፉን የሚሸፍነው ያልታጨደ ሣርና ያልተነቀለ ቡቃያ ነው። በጊዜው በሁለት ጣት የሚነቀል ችግኝ ከሃያ ዓመት በኋላ ድንጋይ የሚውጥ ዛፍ ይሆናል። ያው የቬኒስ ቻርተር ቅርስን ለመጠበቅ ቋሚ እንክብካቤ የግድ ያስፈልጋል ይላል። የሕዝብ ገንዘብ አሠራር ግን መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ፕሮጀክት ይወዳል። ሪባን የሚቆረጥበት፣ ርክክብ የሚደረግበት፣ ፎቶ የሚነሳበት። ሃያ ዓመት ችላ ተብሎ የፈረሰን ነገር ለማደስ ብዙ ይወጣል፤ እንዳይፈርስ በየዓመቱ ትንሽ ማውጣት ግን ፎርሙ ላይ ቦታ የለውም። የቨርጂኒያን ሕግ የወደድኩት በዚህም ምክንያት ነው፤ መነሻው በየመቃብሩ መደበኛው እንክብካቤ ነው። የበጀት ሕግ የሚያወጡ ሰዎች ይህን ቢያነቡ፣ ከትልቁ ድጋፍ ላይ ቆርሰው ለሣር ማጨጃ የሚሆን ትንሽ ዓመታዊ ድጋፍ ቢለዩ እላለሁ። በዚያ ገንዘብ ስንት መቃብር ይተርፍ ነበር።

ገንዘቡ ደግሞ የሚለቀቀው ሥራው ተሠርቶ ደረሰኝ ከቀረበ በኋላ ነው። ይህን ያወቅነው ውል ስንፈርም ነው። ከየቤታችን ተበዳድረን ሥራውን አስጀመርን። ግንበኛው ለሁለት ወር ክፍያውን ታገሠን። ውለታው አለብን።

ፎርሙ ላይ አንድ ቦታ ሳልሞላው ቆይቼ ነበር። «ፕሮጀክቱ የሚጠናቀቅበት ቀን» ይላል። በመጨረሻው ሰዓት ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ትሁት ወጣት ደወለልኝ። «ሌላው ሁሉ ተሟልቷል፣ እዚህ ጋ የሆነ ቀን ይጻፉልኝና ላስተላልፈው» አለኝ። የካቡንና የቦዩን ማለቂያ ቀን ነገርኩት። «የሣሩስ?» ብዬ ጠየቅኩት። ትንሽ ዝም አለና «እሱን አባሪ አድርገው በደብዳቤ ይጻፉልኝ» አለኝ። ጻፍኩ። የሣር ማጨጃውን ተራ፣ የስድስት ቤተሰብ ስም ዝርዝር አድርጌ፣ ከየወሩ ቅዳሜ ጋር።

ካቡ ያለቀው ዝናቡ ሊገባ ሲል ነው። አዛውንቷ መጡ። ቦዩን አዩ፣ ካቡን በምርኩዛቸው ነካ ነካ አደረጉ። ከዚያ ከካቡ ሥር ወዳለው ረድፍ ሄደው ያን የመጀመሪያ ቀን ያነሱትን ድንጋይ ፈለጉ። አወቁት። አንስተው ወደ ምሥራቁ ጥግ ጥቂት እርምጃ ሄዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

«እዚህ ጋ መሰለኝ የነበረው» አሉ።

ዝም ብዬ ጠበቅኩ። መሬቱን አዩ፣ ዛፉን አዩ፣ ርቀቱን በዓይናቸው ለኩ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መሰለኝ ነው ያልኩት። መሰለኝ አይበቃም» ብለው ድንጋዩን ሰጡኝ። መልሼ ረድፉ ላይ፣ ጠፍጣፋውን ጎኑን ወደ ውጭ አድርጌ አስቀመጥኩት።

በርጩማቸውን አቀረብኩላቸው። ተቀምጠው ትንሽ ካረፉ በኋላ ካቡ ሥር ወደ በቀለው ሣር በምርኩዛቸው አመለከቱ።

«መቼ ነው ይሄን የምታጭዱት?»

«ቅዳሜ፣ እማማ።»